አሮጌውን የምግብ ጠረጴዛ ማደስ፦ ቅብ፣ ማቅለሚያና ስቴንስል

በካርቲየ 2 በብዙዎቻችን ቤት ያለው ጠረጴዛ አንድ ብቻ ነው። ምሳ ይቀርብበታል፤ ልጆች የቤት ሥራ ይሠሩበታል፤ እንግዳ ሲመጣ የቡና ሲኒ ይደረደርበታል። ስለዚህ ፊቱ ቶሎ ይጎዳል። እግሩና መጋጠሚያው ጠንካራ ከሆነ ግን መጣል የለበትም። ጅቡቲ ደን የበዛባት አገር አይደለችም፤ በጎዳ ተራሮች ላይ ያለው የዳይ ደን ጥድም ሊጠበቅ የሚገባው ቅርስ እንጂ ለጠረጴዛ የሚቆረጥ አይደለም። እዚህ የምንጠቀምበት እንጨት በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ ያለውን ማደስ ገንዘብም እንጨትም ያተርፋል።

በዚህ ትምህርት አንድ ነገር ደጋግመን እናያለን፤ ዓይን የሚያየው የመጨረሻውን ቅብ ነው፤ ቅቡን የሚያቆየው ግን ከሥሩ ያለው ዝግጅትና በየመሐሉ የሚሰጠው የመድረቂያ ጊዜ ነው።

1. ቃላቱን እንለይ

ቅብ በእንጨቱ ላይ ተቀምጦ መልኩን ይሸፍናል። የእንጨት ማቅለሚያ ግን ወደ ውስጥ ሰርጎ ቀለሙን ይለውጣል፤ የእንጨቱ መስመር እንደታየ ይቀራል። ቫርኒሽ ከላይ ሆኖ ሁለቱንም ከውሃና ከጭረት ይጠብቃል። ስቴንስል ደግሞ ጌጥ የተቆረጠበት ስስ ሉህ ነው፤ ቀለሙ በቀዳዳው አልፎ ቅርጹን ያትማል።

በጅቡቲ ሱቆች ዕቃው በፈረንሳይኛ ስለሚጠራ እነዚህን ያዙ፦ ቅብ «ፔንቱር»፣ ማቅለሚያ «ታንት»፣ ቫርኒሽ «ቬርኒ»፣ ስቴንስል «ፖሾዋር»፣ ብርጭቆ ወረቀት «ፓፒዬ ደ ቬር»። የመጨረሻው በሁለቱም ቋንቋ ትርጉሙ አንድ ነው።

2. ጠረጴዛው ከምን ተሠራ?

የጠረጴዛውን ጠርዝ ተመልከቱ። በፊቱ ላይ ያለው የእንጨት መስመር ወደ ጠርዙ ከቀጠለ ሙሉ እንጨት ነው፤ ማቅለሚያ ያምርበታል። ጠርዙ ላይ እንደ ኬክ የተደራረበ ከታየ ኮምፔንሳቶ ነው፤ የላይኛው ንጣፍ ስስ ስለሆነ ብዙ አይፋቅም። ፍርፋሪ የሚመስል ከሆነ ቺፑድ ነው፤ ለእርሱ የሚሻለው ቅብ ነው። ፊቱ ጥሩ፣ እግሩ ግን የተጠገነ ከሆነ ፊቱን በማቅለሚያ፣ እግሩን በቅብ መሥራት ይቻላል።

3. ከመፋቅ በፊት ጥንቃቄ

የድሮ ቅብ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። የምንጽፍበትን ሳይሆን እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ማለታችን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ለሕፃናት ጉዳት የማያደርስ የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም፤ ብረቱ አእምሯቸውንና የማሰብ ችሎታቸውን ይጎዳል። ኢትዮጵያ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ደንብ በቅብ ውስጥ የሚፈቀደው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ወስናለች፤ ይህም በአንድ ኪሎ ቅብ ውስጥ 90 ሚሊግራም ማለት ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ጠረጴዛ ግን በብዙ ቤት አለ፤ እርሳስ ይኑርበት አይኑርበት በዓይን አይለይም።

ስለዚህ ምንነቱ ያልታወቀ አሮጌ ቅብ በደረቁ አይፋቅም። ውሃ በሚችል ብርጭቆ ወረቀት እያረጠቡ ይፋቃል፤ የአቧራ ጭንብል ይደረጋል፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር እናቶች ከአካባቢው ይርቃሉ። ብናኙ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በመጥረጊያ አይጠረግም። ይህን ሥራ አዋቂ ይሥራው።

4. መፋቅና ማቅለም

ጠረጴዛውን በሳሙናና በጨው አልባ ውሃ አጥባችሁ በደንብ አድርቁት፤ ከባሕር የሚመጣው ጨውና የወጥ ቅባት ቅብ እንዳይይዝ ያደርጋሉ። ስንጥቅ ካለ በእንጨት ስቱኮ ሙሉት። የብርጭቆ ወረቀት ቁጥር ሲጨምር ወረቀቱ ይለሰልሳል፤ በ80 ጀምሩ፣ በ120 ቀጥሉ፣ በ180 ጨርሱ። ሁልጊዜ በእንጨቱ መስመር አቅጣጫ ፋቁ፤ አግድም የተፋቀ ጭረት ማቅለሚያ ሲነካው ጎልቶ ይወጣል።

ማቅለሚያውን አስቀድማችሁ በጠረጴዛው ሥር ሞክሩት። ከዚያ በጨርቅ ቀብታችሁ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ትርፉን ጥረጉ። በዘይት የተሠራ ማቅለሚያ ወይም የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨምድዳችሁ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ሙቀት ያወጣል፤ በተከመረ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል። ጨርቁን ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት።

5. የስቴንስል ሒሳብ

ጌጡን ከራሳችን ቅርስ መውሰድ እንችላለን፤ ከብራና መጻሕፍት ሐረግ፣ ከመሶብ፣ ከሐረር ስፌት። ቅርጹን በአሮጌ የራጅ ፊልም ላይ ስላችሁ በካተር ቁረጡት። ክብ የተዘጋ ቅርጽ ሲቆረጥ መሐሉ ይወድቃል። ለምሳሌ «ዐ» ብትቆርጡ የሚቀረው ትልቅ ቀዳዳ ብቻ ነው። ስለዚህ መሐሉን ከውጪው ጋር የሚያያይዝ ስስ ድልድይ ተውለት። «ሀ» እና «ተ» ግን ድልድይ አያስፈልጋቸውም።

አሁን ልክ። ጠረጴዛው 150 በ90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ በአራቱ ማዕዘን 6 በ6 የሆነ ጌጥ ብናስቀምጥ፣ በረጅሙ ጎን 138፣ በአጭሩ ጎን 78 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። የ138 እና የ78 ትልቁ የጋራ አካፋይ 6 ነው። ስለዚህ አንዱ ጌጥ 6 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በረጅሙ 23 ጊዜ፣ በአጭሩ 13 ጊዜ ሳይቆራረጥ ይገባል።

ሉሁን በወረቀት ፕላስተር አጣብቁ። ብሩሹን በጥቂቱ ነክራችሁ በአሮጌ ጨርቅ ላይ እስኪደርቅ ድረስ አራግፉት፤ ከዚያ ከላይ ወደ ታች እየነካካችሁ ቀቡ። ቀለም የበዛበት ብሩሽ ከሉሁ ሥር ሰርጎ ጠርዙን ያበላሻል።

6. የጅቡቲ አየርና ትዕግሥት

በበጋው ወራት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ ኸምሲን ነፋስም አቧራ ያመጣል። በፀሐይ ላይ የተቀባ ቅብ ከላይ ቶሎ ይደርቅና ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፤ በኋላ ይነፋል ወይም ይላጣል። የሚሻለው ከኅዳር እስከ የካቲት፣ በጥላ፣ አየር በሚገባበት ቦታ መሥራት ነው። በሙቀቱ ወራት የግድ ከሆነ በማለዳ ይሁን።

ቫርኒሹን በስሱ ሦስት ጊዜ ቀቡ፤ በየመሐሉ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቃችሁ በ220 በቀስታ ፋቁ። ለእጅ የደረቀ ሁሉ አልጠነከረም፤ ትኩስ ጀበና ወይም ምግብ ከማስቀመጥ በፊት ብዙ ቀናት መጠበቅ ያስፈልጋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በአንድ ቀን የተጣደፈ ሥራ እንደገና በብርጭቆ ወረቀት ይጀመራል።

መልመጃ

ሀ. በቤታችሁ ያለውን ጠረጴዛ ጠርዝ አይታችሁ ከምን እንደተሠራ ጻፉ።
ለ. የስማችሁን ፊደላት ጻፉና ድልድይ የሚያስፈልጋቸውን ለዩ።
ሐ. ጠረጴዛው 132 በ84 ሴንቲ ሜትር ቢሆንና የማዕዘኑ ጌጥ 6 በ6 ቢሆን፣ ለሁለቱም ጎን ሳይቆራረጥ የሚገባው ትልቁ ጌጥ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?