የታመመ የጋሪ ፈረስ መንገድ ላይ አይለቀቅም

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ ከተማ በጋሪ የምተዳደር ነኝ። ፈረሴ እግሩና ደረቱ ላይ እባጭ ወጥቶበት መጎተት አቃተው። ጓደኞቼ «ልቀቀው፣ ሳር እየጋጠ ይድናል» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እባክዎ አይልቀቁት። ከተማ ውስጥ የተለቀቀ ፈረስ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ሳር ሳይሆን የቆሻሻ ክምር ነው። ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ የዋጠው ፌስታል አንጀቱን ከዘጋው በከባድ ሕመም ይሞታል። ማታ ደግሞ አስፋልት ላይ ይቆማል። ሾፌሩ በጨለማ የሚያየው አጠገቡ ከደረሰ በኋላ ስለሆነ አደጋው ለሰውም ይተርፋል።

እባጩ ተርታ ይዞ የሚወጣና መግል የሚያፈስ ከሆነ፣ የጋሪ ፈረሶችን በብዛት የሚያጠቃው የፈንገስ በሽታ ሊሆን ይችላል። ይህ በሽታ በዝንብና በጋራ በምትጠቀሙበት የጋሪ ዕቃ አማካይነት ወደ ሌላ ፈረስ ቁስል ይገባል። ስለዚህ የለቀቁት ፈረስ የእነዚያኑ ጓደኞችዎን ፈረሶች ሊበክል ይችላል። ዛሬውኑ ለብቻው ይለዩት፤ ልጓሙንና ማሰሪያውን ለማንም አያውሱ፤ ቁስሉን ከዝንብ ይከላከሉ። ገና ሲጀምር ከተደረሰበት በአዮዲን ሕክምና የመዳን ዕድል አለው፤ ከቆየ ግን አስቸጋሪ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ከተማችሁ ውስጥ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው።

ሐኪሙ «አይድንም» ካለ፣ ሳይሰቃይ እንዲያርፍ ማድረግ የባለቤቱ ግዴታ ነው። ያገለገለን እንስሳ እንዲህ መሰናበት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ መንገድ ላይ ተጥሎ ከመሞት ግን እጅግ ይሻላል። ነገ ጠዋት ጋሪ ሳያስሩበት፣ ቀስ ብለው እየመሩ ወደ ሐኪም ይውሰዱት።