ሁለት መድኃኒት በአንድ ጠርሙስ፦ ስለ ግላኮማና ስለ ጥምር የዓይን ጠብታዎች



ከሪያድ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ሻንጣው ውስጥ የሌላ ሰው መድኃኒት ሳይጨመርበት አይነሣም። «ለእናቴ አድርስልኝ» ተብሎ በላስቲክ የተጠቀለለ የዓይን ጠብታ ተሸክሞ የማያውቅ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ስለሆነም ጉዳዩን ማወቅ ለሕክምና ተማሪዎች ብቻ የሚተው አይደለም፤ ገዝቶ የሚልከውም ምን እንደሚልክ ሊረዳ ይገባዋል።

በመሠረቱ ዓይን ውስጡን የሚመግብ ንጹሕ ፈሳሽ ያለማቋረጥ ያመነጫል። ፈሳሹ እንባ አይደለም። በጥቁሩ የዓይን ክፍል ዳርቻ ባለ እንደ ወንፊት ያለ መውጫ በኩል ወደ ደም ሥር ይመለሳል። የሚመነጨውና የሚወጣው ሲመጣጠን የአብዛኛው ሰው የዓይን ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይሆናል። ፈሳሹ እንደልብ መውጣት ሲያቅተው ግፊቱ ይጨምራል፤ ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውም ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳል። ግላኮማ የምንለው ይህንን የነርቭ ጉዳት ነው። ግፊቱ ከፍ ያለበት ሰው ሁሉ ግላኮማ አለበት ማለት ግን አይደለም። ግፊቱ ከ21 ሳያልፍ ነርቩ የሚጎዳም አለ።

የብዙኃኑ ግላኮማ ሕመም የለውም። እይታን ከዳር ከዳር እየበላ ስለሚመጣ በሽተኛው ፊት ለፊቱን እያየ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ ብሔራዊ የዓይነ ሥውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶ ዓይነ ሥውር መሆኑን ሲያመለክት፣ ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉን የዓይን ሞራ፣ 5.2 በመቶውን ደግሞ ግላኮማ አስከትሎታል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም፣ የሞራ ሥውርነት በቀዶ ሕክምና ሲመለስ ግላኮማ ያጠፋውን ግን የሚመልስ ሕክምና የለም። የእኛ አረጋውያን ደግሞ ዓይናቸው ሲደክም «ሞራ ነው፤ ሲበስል ይገፈፋል» ብለው ይጠብቃሉ። በመጠበቅ ላይ ሳሉ የሚጠፋው ነርቭ ነው። በአገራችንም ሆነ እዚህ በሳዑዲ ዓረቢያ በብዛት የሚታይ፣ በዓይን ሌንስ ላይ ፎረፎር የመሰለ ነገር የሚያራግፍና መውጫውን የሚደፍን ሁኔታ አለ። ይህ ዓይነቱ ግፊቱን ከሌላው በፈጠነ ሁኔታ ስለሚያንረው ጊዜ አይሰጥም።

ወደ መድኃኒቶቹ እንለፍ። ቲሞሎል እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ተፈቅዶ ከዚያ ወዲህ የግላኮማን ሕክምና ለወጠ፤ ሥራው የፈሳሹን ምንጭ መቀነስ ነው። ዶርዞላማይድም እንዲሁ ምንጩን ይቀንሳል፤ መንገዱ ግን ሌላ ነው። ብሪሞኒዲን ምንጩን እየቀነሰ መውጫውንም ያግዛል። እ.ኤ.አ. በ1996 የመጣው ላታኖፕሮስት በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ተጨምሮ ፈሳሹ በሌላ በር እንዲወጣ ያደርጋል። ብዙውን ጊዜ ሐኪም በአንዱ ይጀምራል፤ ካልበቃ ሁለተኛ ይጨምራል።

ጥምር ጠብታ የተፈለገው እዚህ ላይ ነው። ዓይን ከአንድ ጠብታ በላይ አይዝም፤ ሁለተኛው ወዲያው ከተከተለ የመጀመሪያውን ያጥበዋል። ስለዚህ በመካከሉ ቢያንስ አምስት ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሰዓት የሌላቸው፣ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ እናት ይህንን በየቀኑ ያደርጋሉ ብሎ ማሰብ ከቢሮ ሆኖ ማሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ዶርዞላማይድና ቲሞሎል ኮሶፕት በሚል ስም በአሜሪካ በአንድ ጠርሙስ ተፈቀዱ። ኮምቢጋን ብሪሞኒዲንና ቲሞሎል፣ ዛላኮም ደግሞ ላታኖፕሮስትና ቲሞሎል ናቸው። የጠብታው ቁጥር ይቀንሳል፤ ዓይንን የሚያሳክከው ማቆያ ኬሚካልም እንዲሁ።

ነገር ግን ስሞቹን መለስ ብሎ ያየ አንባቢ በሦስቱም ውስጥ ቲሞሎል እንዳለ ይገነዘባል። ቲሞሎል ከዓይን ወደ አፍንጫ ወርዶ ወደ ደም ይገባል። አስም ያለበትን ሰው ትንፋሹን ሊዘጋበት፣ የልብ ምቱ ዘገምተኛ የሆነውን ደግሞ ይበልጥ ሊያዘገይበት ይችላል። «የዓይን ጠብታ ምን ያደርጋል?» የሚለው አነጋገር ሰው ገድሏል ብል ማጋነን አይደለም። ሲምብሪንዛ የሚባለው ጥምር ቲሞሎል የለውም፤ ለማን እንደሚስማማ መወሰን ግን የሐኪም ፋንታ ነው። ሌላው አደጋ፣ አባት የቀድሞውን የቲሞሎል ጠርሙስ ሳይተዉ ከሪያድ የደረሳቸውን ኮሶፕት ሲጨምሩበት ነው። ሳያውቁት አንዱን መድኃኒት እጥፍ ወሰዱ ማለት ነው። ስለዚህ ከጠርሙሱ ጋር በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት ይላክ፦ ውስጡ ምን እንዳለ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ፣ የትኛው አሮጌ ጠርሙስ እንደሚተው። ጠብታው ከገባ በኋላ ዓይንን ጨፍኖ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል በጣት መጫን ወደ ደም የሚገባውን ይቀንሳል።

የሪያድ ሙቀትም አለ። ያልተከፈተ ላታኖፕሮስት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ በበጋ መኪና ውስጥ የዋለ ጠርሙስ አይላክም። በረመዳን ጠብታ የሚያቋርጡ ወገኖችም አሉን። ጅዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1997 የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ ወደ ጉሮሮ የደረሰውን ላለመዋጥ እስከተጠነቀቁ ድረስ የዓይን ጠብታ ጾም እንደማያፈርስ ወስኗል፤ ይህንን ለቤተሰብ መንገር ይጠቅማል።

ላኪ ከሌለና መድኃኒት ለሚቋረጥበት ቤተሰብ ከጠብታው በፊት ስለ ሌዘር ወይም ስለ ቀዶ ሕክምና መጠየቅ ይሻላል፤ በአዲስ አበባ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሐኪሞች አሉ። ወላጁ ወይም ወንድሙ ግላኮማ ያለበት ሰው ደግሞ ለበሽታው ከሌላው ይበልጥ የተጋለጠ ስለሆነ ላኪውም ራሱ ግፊቱን ያስለካ፣ ነርቡንም ያስይ።