ጌም መዳኘት ለጀመረችው ልጅ

ልጄ፣ ስለ ቪዲዮ ጌም አጫጭር ፍርድ መጻፍ ጀመርሽ አሉ። ደግ አደረግሽ። የምመክርሽ ይህን ነው፤ ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር አንብቢያቸው።

1. ከመልኩ አትጀምሪ። ሥዕሉ አማረ፣ ድምፁ ጠራ ማለት የሻጩ ሥራ ነው፤ አንቺ እጅሽ ምን ሲሠራ እንደዋለ ንገሪን። አሌክሴይ ፓጂትኖቭ በ1984 ሞስኮ ላይ ቴትሪስን ሲሠራ ኮምፒውተሩ ሥዕል ማሳየት ስለማይችል ጡቦቹን በቅንፍ ምልክት ነበር የደረደራቸው። ፍርዴ፦ መጨረሻው ሁልጊዜ ሽንፈት ነው፤ የሚቀየመው ሰው ግን አላየሁም።

2. ካላስነበበ የማያጫውት ጌም ሲገጥምሽ ነጥብ ቀንሺ። በ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ሰውዬው በግራ በኩል ቆሟል፣ ቀኙ ክፍት ነው፣ ወዲያው እንጉዳይ መሳይ ፍጡር ይመጣበታል። ካልዘለልሽ ሞትሽ። አንድ ቃል ሳይናገር አስተማረሽ። ፍርዴ፦ ከሒሳብ አስተማሪዬ ይሻላል።

3. ጌሙ ማን እንዳደረገሽ ጠይቂ። የሉካስ ፖፕ «ፔፐርስ፣ ፕሊዝ» (2013) አርስቶትዝካ በምትባል የፈጠራ አገር ድንበር ላይ ፓስፖርት መርማሪ አድርጎ ያስቀምጥሻል። የሚከፈልሽ ባስተናገድሽው ሰው ቁጥር ነው፤ ማታ የቤት ኪራይ፣ የምግብና የማሞቂያ ሒሳብ ይጠብቅሻል። አንድ ቀን ወረቀቱ የተሟላ ባል ያልፍና ሚስቱ ትከተላለች፤ እሷ የመግቢያ ፈቃድ የላትም። ብታሳልፊያት ማስጠንቀቂያ ይደርስሻል፤ ማስጠንቀቂያው ሲደጋገም ከገቢሽ ይቆረጣል፣ ቤት ያሉት ይራባሉ። ፊልም ቢሆን ለሚስትየዋ አልቅሰሽ ትወጪ ነበር። እዚህ ግን ማኅተሙን የምትመቺው አንቺ ነሽ፤ ሰልፉም ስለረዘመ ለማዘን ጊዜ የለሽም። ኤምባሲ በር ላይ ስንሰለፍ የኖርን ሰዎች ከመስኮቱ ማዶ ተቀምጠን አናውቅም፤ ይህ ጌም አስቀመጠን፣ እኛም ቶሎ ጨካኞች ሆንን። ፍርዴ፦ አያዝናናም። ተጫወቺው።

4. አንድ ጌም ሁለት ፍርድ ሊገባው ይችላል። ጌም ቤት ገብቶ ጓደኛውን በፊፋ አሸንፎ ያልፎከረ የከተማ ልጅ ጥቂት ነው፤ ስሙ ከ2023 ወዲህ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ቢሆንም ጨዋታው ያው ነው። ነገር ግን ውስጡ የትኛው ተጫዋች እንዳለ ሳይታወቅ በገንዘብ የሚገዛ ጥቅል አለ። ቤልጂየም በ2018 ይህን ቁማር ነው አለችው፤ ኩባንያውም በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ እዚያ አገር ለጥቅሉ መግዣ የሚሆነውን ነጥብ መሸጥ አቆመ። ፍርዴ፦ ሜዳው ሸጋ፣ ሱቁ ቁማር ቤት።

5. ሰው ስለሳቀ አትሳቂ። የ1982ቱን «ኢ.ቲ.» ከሁሉ የከፋ ጌም ሲሉት ትሰሚያለሽ፤ ያልተሸጠው ካሴት ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ተቀብሮ በ2014 ተቆፍሮ መውጣቱ ለሳቁ ተመቸ። ግን ለገና ገበያ ይድረስ ተብሎ ሃዋርድ ስኮት ዋርሾ በአምስት ሳምንት ገደማ የሠራው ነው። ፍርዴ፦ መጥፎ ነው፤ አንደኛ ተከሳሽ ቀኑን የቆረጠው አለቃ ነው።

6. የሚያልቅን ጌም አክብሪ። ጆርኒ (2012) ሁለት ሰዓት ገደማ ቢወስድ ነው፤ በረሃው ላይ ስሙን የማታውቂው፣ ማውራት የማይችል ሰው አብሮሽ ይጓዛል። ፍርዴ፦ ድንቅ። ካንዲ ክራሽ ደግሞ አያልቅም፤ ለታክሲ ሰልፍ ይሁን።

7. ፍርድሽ ላይ ቀን ጻፊ። ሳይበርፐንክ 2077 በታኅሣሥ 2020 ሲወጣ ከመበላሸቱ የተነሣ ሶኒ በሳምንቱ ከመደብሩ አነሣው፤ ከዚያ ለዓመታት ሲጠገን ኖረ። ያኔ ቢጠይቁኝ አትግዙ ባይ ነበርሁ። ዛሬ ግዙ እላለሁ፤ በአሮጌው ፕሌይስቴሽን 4 ከሆነ ግን አሁንም ይቅርባችሁ።