ቆጣሪውን የሚያስሮጠው ማነው? የመብራት ወጪ ለመቀነስ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የመብራት ሂሳብ ከፍ ሲል አብዛኛው ቤት ቁጠባ የሚጀምረው ከአምፖል ነው። አባት ከክፍል ክፍል እየዞረ ያጠፋል፤ ልጆች «ቻርጀር ሰክታችሁ ለምን ትሄዳላችሁ» እየተባሉ ይገሠጻሉ። በዚያው ቀን ኩሽና ውስጥ ምጣዱ ባዶውን ሲግል የሚናገር የለም። አዲስ ዕቃ ለመግዛት፣ አሮጌውን ለመለወጥ ወይም ቤት ለመከራየት ከመወሰንዎ በፊት ይህን ይያዙ፦ ገንዘቡን የሚበላው ሙቀት ነው። የሚያበራውና የሚያወራው ዕቃ ጥቂት ይበላል፤ የሚያግለው፣ የሚያፈላውና የሚተኩሰው ብዙ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። ከዕቃው ጀርባ ወይም ሥር የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ፤ ዋት የሚለውን ቁጥር በሚሠራበት ሰዓት አባዝተው ለ1000 ያካፍሉ። የሚያገኙት ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ቆጣሪዎ የሚቆጥረውም እሱኑ ነው። 3500 ዋት የሆነ ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሠራ 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። 9 ዋት የሆነ ኤልኢዲ አምፖል በየምሽቱ አምስት ሰዓት እየበራ ይህንኑ ለመጨረስ አራት ወር ሊሞላው ምንም አይቀረው። ስልክማ በየቀኑ ቢሞላ በወር አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይደርስም፤ በቻርጀር ከልጆች ጋር መጣላቱ ይቅር።

ይህ ማለት ግን አምፖል አይቆጠርም ማለት አይደለም። ቤትዎ ውስጥ እስካሁን ባለ ሽቦው 60 ዋት አምፖል ካለ ዛሬውኑ ያውጡት፤ ተመሳሳይ ብርሃን በ9 ዋት ገደማ ይገኛል። አምስት አምፖል በቀን አምስት አምስት ሰዓት የሚያበራ ቤት በዚህ ብቻ በወር 38 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያተርፋል።

እርከኑ የት ላይ ነው?

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ሰባት እርከን አለው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ቤት በዝቅተኛው ዋጋ ይከፍላል፤ ከ500 በላይ የሚጠቀም በከፍተኛው። ፍጆታው ሲጨምር የአንዷም ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ አብሮ ይወጣል። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ የሚተገበር የዋጋ ማስተካከያ ሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ ያለፉትን ወራት ደረሰኞች አውጥተው የትኛው እርከን ላይ እንደሚውሉ ይዩ። ከመስመሩ በጥቂቱ የሚያልፍ ሰው ትንሽ ቢቀንስ ብዙ ያገኛል።

ተከራይ ከሆኑ ይህ እርከን የሚባል ነገር በእጥፍ ይመለከትዎታል። በብዙ የአዲስ አበባ ግቢዎች አንድ ቆጣሪ ለአከራዩም ለሰርቪስ ቤቶቹም ያገለግላል። ሦስት ተከራዮች እያንዳንዳቸው 60፣ አከራዩ 150 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ ቆጣሪው የሚያሳየው 330 ነው፤ ይህ አምስተኛው እርከን ነው። የየራሳቸው ቆጣሪ ቢኖራቸው ሦስቱም ተከራዮች ሁለተኛው ላይ ይቀሩ ነበር። «ምጣድ አይቻልም» የሚለው የአከራዮች ሕግ ከክፋት ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ከዚህ ይገባዎታል። ቤቱን ከመያዝዎ በፊት መብራት በነፍስ ወከፍ ነው ወይስ በንባብ የሚካፈለው ብለው ይጠይቁ። አከራዩ በግሉ ያስገባው ማካፈያ ቆጣሪ ካለም ዋጋው በየትኛው እርከን እንደሚታሰብ አብረው ያረጋግጡ፤ ኋላ ከመነታረክ ይሻላል።

ምጣዱ

በአብዛኛው ቤት ትልቁ በላተኛ እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሽቦው ከሸክላው ሥር ስለሆነ፣ ሸክላው እስኪግል ብዙ ኃይል ይጠጣል፤ አንዴ ከጋለ ግን ለመቀዝቀዝም ይዘገያል። ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አምስት እንጀራ ቢጋግሩም ሃያ፣ ምጣዱን ለማጋል የሚወጣው ወጪ ያው ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ከመጋገር አንዴ በዛ አድርጎ መጋገር ያዋጣል። ቤተሰብዎ ትንሽ ከሆነና እንጀራው ይሻግትብኛል ካሉ፣ ከጎረቤት ጋር ቀን ተቀጣጥሮ በአንድ ግለት ተከታትሎ መጋገር የቆየ ዘዴ ነው።

አብሲቱ ገብቶ ሊጡ ኩፍ ሳይል፣ ማሰሻውና ሰፌዱ አጠገብ ሳይቀመጥ ምጣድ አይሰካ። አክንባሎው ዙሪያውን ይግጠም፤ በአንድ ጎን እንፋሎት የሚተፋ ከሆነ እያንዳንዱ እንጀራ ትንሽ ትንሽ ይዘገያል፣ ሃያው ላይ ሲደርሱ መዘግየቱ በሂሳቡ ይታያል። አንዱን አውጥቶ ቀጣዩን እስኪያሰፉ ድረስ ስልክ ማንሳት የለም። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራዎች ምጣዱን ከሶኬት ነቅለው ይጋግሩ፤ ሸክላው የያዘው ሙቀት ይበቃቸዋል። ከዚያም የተረፈ እንጀራ ካለ ለድርቆሽ ይደርቅበታል።

አዲስ ምጣድ ሲገዙ ላዩን ብቻ አይዩ። ከሽቦው በታች ሙቀት የሚይዝ ነገር በደንብ ካልተሞላ ብዙ ሙቀት ወደ ጠረጴዛው ይወርዳል። ሻጩ ሰክቶ እንዲያሳይዎ ይጠይቁና ከሥር ያለው ቆርቆሮ እንዴት እንደሚግል ይዩ። ሳሳ ያለ ሸክላ ቶሎ ይግላል፤ ቶሎም ይሰነጠቃል። ምጣዱ ራሱን የቻለ መስመርና ወፈር ያለ ሽቦ ይፈልጋል፤ 3500 ዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ስለሚስብ ፍሪጅና ቴሌቪዥን ከተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ መሰካት እሳት መጥራት ነው። ሲጋግሩ ሶኬቱን በእጅዎ ጀርባ ጠጋ ብለው ይፈትሹት፤ ከሞቀ ነቅለው ኤሌክትሪሺያን ይጥሩ።

ስለ ሰዓቱም አንድ ነገር። የህዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ከተመረቀ ወዲህ «ኃይል ሞልቶ ለምን እንቆጥባለን» የሚል ይሰማል። የሰፈርዎ ትራንስፎርመርና መስመር ግን ግድቡን አያውቁም። በዓል ዋዜማ ማታ ሁሉም ምጣድና ምድጃ አንድ ላይ ሲበራ ኃይሉ ይወርዳል፣ ምጣዱ ለመጋል ይለግማል፣ አንዳንዴም ጭርሱን ይጠፋል። ለፋሲካም ለእንቁጣጣሽም እንጀራውን ከእኩለ ቀን በፊት የጨረሰ ያመልጣል።

ወጥና ንፍሮ በከፍታ ላይ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለዚህ ነው ሽምብራውም ሥጋውም ከአዳማ ይልቅ እዚህ የሚዘገየው። ድስቱ አንዴ ከፈላ በኋላ ምድጃውን ከፍ ማድረግ ውሃውን ይበልጥ አያሞቀውም፤ በእንፋሎት ያስወጣዋል እንጂ። ዝቅ ያድርጉ፣ ይክደኑ። ጥራጥሬውን ማታ ይዘፍዝፉ። ለመግዛት ካሰቡ ደግሞ ለደጋ ሰው በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ድስት ከሁሉ በፊት ገንዘቡን የሚመልስ ዕቃ ይመስለኛል።

ኢንዳክሽን ምድጃ በእርግጥ ይቆጥባል፤ ነገር ግን የሚሠራው ማግኔት በሚይዘው ዕቃ ብቻ ነው። ሸክላ ድስት፣ አሉሚኒየም ድስት፣ ጀበና፦ አንዳቸውም አይሞቁበትም። ከመግዛትዎ በፊት ትንሽ ማግኔት ይዘው የኩሽናዎን ዕቃ ሁሉ ይሞክሩ። ምድጃውን ገዝተው ለቡና ተመልሰው ከሰል የሚያያይዙ ከሆነ ግማሽ ገንዘብዎ ባከነ። ሻይ የሚወድ ቤት ደግሞ ጠዋት አንዴ አፍልቶ በፔርሙስ ቢይዝ ይበቃዋል።

ቦይለሩ

50 ሊትር ውሃ ከ18 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ በ1500 ዋት ቦይለር አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በርቶ መዋሉ ትርጉም የለውም፤ ገላ ከመታጠብ በፊት ማብራት፣ ቤተሰቡም ተከታትሎ እንዲታጠብ ማድረግ ነው። ለሦስት ሰው 80 ሊትር ከመግዛትዎ በፊትም ያስቡበት። በጸሐይ የሚሠራው ማሞቂያ ባለ ቪላ ለሆነ ጥሩ ነው፤ ክረምት ላይ ግን መደገፊያ ይፈልጋል፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ሲደርቅ ምን እንደሚሆን ሻጩን አስቀድመው ይጠይቁ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ ጣሪያው የእርስዎ ብቻ አይደለም።

ስለዚያች ትንሽ ሳጥን

ሶኬት ላይ ትሰካለች፣ አረንጓዴ መብራት ታበራለች፣ ሂሳብዎን በግማሽ ትቀንሳለች ይባላል። አይግዟት። ውስጧ ያለው ብዙ ጊዜ አነስተኛ ካፓሲተር ነው፤ የቤት ቆጣሪ የሚያስከፍልዎ በኪሎዋት ሰዓት ስለሆነ እሱን አትነካውም።

በምትኩ ያለ ምንም ወጪ ይህን ይሞክሩ። በቤቱ ያለውን ሁሉ ያጥፉ፣ ይንቀሉና ቆጣሪው ፊት ይቁሙ። በአዲሶቹ ቆጣሪዎች ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ይላል፤ በአሮጌዎቹ ላይ ዲስኩ ይዞራል። ምንም ሳይሰካ ብልጭታው ከቀጠለ ወይ መስመሩ ኃይል ያፈሳል፣ ወይ ከእርስዎ ቆጣሪ ሌላ ሰው እየተጠቀመ ነው፤ ባለሙያ ይጥሩ። ከቆመ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ሰክተው የትኛው እንደሚያስሮጠው ይዩ። ሪሲቨሩንም ጠዋት ከመኝታ ሲነሱ ይዳስሱት፤ ሞቆ ካደረ ሌሊቱን ሲበላ አድሯል።

ፍሪጅ ሲገዙ

አዲስ ከሆነ በር ላይ የተለጠፈውን የዓመት ፍጆታ ያነጻጽሩ፤ ዋጋው ረከስ ያለው በሦስት ዓመት ውስጥ ልዩነቱን መልሶ ሊያስከፍልዎ ይችላል። ያገለገለ ከሆነ ጠጋ ብለው የበሩን ጎማ ይመርምሩ። አንድ ወረቀት ከበሩና ከጎማው መሃል አድርገው ይዝጉና ይሳቡ፤ ዙሪያውን በአራቱም ጎን ይሞክሩት። ወረቀቱ ያለ ትግል ከወጣ ጎማው አልቋል፤ ወይ የጎማውን ዋጋ ያስቀንሱ፣ ወይ ይተዉት።