ቸኮሌቱ ሳይቀር ስቡን መቀነስ

በጋዜጦች የጤና ገጽ ላይ «ስብ የሌለው የቸኮሌት ዴዘርት» የሚል ርዕስ ሳይገጥማችሁ አይቀርም። ርዕሱ ይስባል። ግን መጠየቅ አለብን፤ ስቡ የት ሄደ?

የካካዎ ፍሬ ግማሽ ያህሉ ስብ ነው፤ የካካዎ ቅቤ ይባላል። በሆላንድ የቫን ሁተን ቤተሰብ ፍሬውን ጨምቆ አብዛኛውን ቅቤ የሚያወጣበትን ዘዴ በ1828 እ.ኤ.አ. በፓተንት አስመዘገበ። ከጭመቃው የተረፈው ሲፈጭ የካካዎ ዱቄት ይሆናል፤ በዱቄቱ ውስጥ የሚቀረው ስብ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 24 በመቶ ነው። ምሬቱና የቸኮሌት ጣዕሙ ግን አብሮት ይቀራል። ቅቤው ይሰጥ የነበረው አፍ ላይ የመቅለጥ ልስላሴ ነው፤ እሱን በበቆሎ ስታርች እንተካዋለን።

ለአራት ሰው ግማሽ ሊትር ወተት፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ካካዎ፣ 4 ማንኪያ ስኳር፣ 2 ማንኪያ ተኩል ስታርችና ቁንጥር ጨው ይበቃል። ደረቁን መጀመሪያ መደባለቅ፣ ከዚያ በትንሽ ቀዝቃዛ ወተት ማሸት ነው። ካካዎ በቀላሉ አይርስም፣ ስታርች ደግሞ ትኩስ ነገር ውስጥ በቀጥታ ከገባ ይጓጉላል። የቀረውን ወተት ጨምሮ በለስላሳ እሳት ሳያቋርጡ ማማሰል። ቡልቅ ቡልቅ ማለት ሲጀምር አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይቶ ማውረድና ማቀዝቀዝ፤ በቃ።

ብዙዎች የሚረሱት ወተቱን ነው። በዚህ አሠራር ከካካዎው የሚመጣው ስብ 3 ግራም ገደማ ሲሆን፣ 3.5 በመቶ ስብ ካለው ግማሽ ሊትር ወተት የሚመጣው ግን ወደ 17 ግራም ነው! ስለዚህ የላም ወተት ከሆነ አፍልቶ፣ አሳድሮ ስልባቦቱን መግፈፍ ያስፈልጋል፤ ሁሉም ባይሆን ብዙው ይወጣል። በጾም ደግሞ በውኃ ይሠራል፤ እንዲያውም ካካዎው ጎልቶ ይወጣል። ማሸጊያውን ግን አንብቡ፤ ለመጠጥ ከሚሸጠው ካካዎ ብዙው ስኳርና የወተት ዱቄት የተቀላቀለበት ነው።

አሁን ወደ ርዕሱ ልመለስ። እናቴ ስኳር አለባት። «ስብ የሌለው» የሚል ስታይ «ይሄስ ለእኔ ይሆናል» ትላለች። ስቡ ቢቀንስም በእያንዳንዱ ሰው ድርሻ አንድ ሙሉ ማንኪያ ስኳር አለ፤ ስታርቹም ሆድ ውስጥ ወደ ስኳርነት ይለወጣል። ርዕሱን የጻፈው ጋዜጠኛ ውሸት አልጻፈም፣ ግን ግማሹን ነው የነገራት። ለእሷ ስሠራ ስኳሩን ወደ አንድ ማንኪያ አወርድና በቡና ስኒ እሰጣታለሁ። ይመራል ትላለች፤ ስኒዋን ግን ባዶ ነው የምትመልሰው።