ስለ ተራራ መውጣትና ጊዜን ስለ ማወቅ

ጕልበት ያለው ሁሉ ከተራራ ጫፍ አይደርስም፤ የደረሰውም ሁሉ በደኅና አይመለስም። ወጥቶ በደኅና የሚመለስ ጊዜን የሚያውቅ ሰው ነው።

በአውሮፓ መካከል አልፕስ የሚባሉ እጅግ ታላላቅ ተራሮች አሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በስዊስ አገር ይገኛሉ። ከስዊስ ተራሮች አንዱ ዶም ይባላል። ቁመቱ 4545 ሜትር ስለ ሆነ ከኢትዮጵያው ከራስ ደጀን ጋር ይቀራረባል። በራስ ደጀን ላይ አንዳንድ ጊዜ በረዶ ቢወርድም ብዙ ሳይቈይ ይቀልጣል፤ የአልፕስ ተራሮች ግን ከምድር ወገብ እጅግ የራቁ ስለ ሆኑ በከፍተኞቹ ላይ በረዶ በጋም ክረምትም አይጠፋም።

በእነዚህ ተራሮች መካከል ለብዙ ዘመን የተከማቸው በረዶ እንደ ድንጋይ ጠንክሮ ከዓመት ወደ ዓመት ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። በውስጡም ሰውን የሚውጥ ጥልቅ ስንጥቅ አለ፤ አዲስ በረዶ ስለሚሸፍነው ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ ተጓዦች ወገባቸውን በአንድ ገመድ ተያይዘው ይሄዳሉ። አንዱ ቢወድቅ ባልንጀሮቹ ይይዙታል።

ደግሞ ልል በሆነ በረዶ ላይ በጫማ ብቻ የሚሄድ ሰው እስከ ጕልበቱ ይሰምጣል። እንዳይሰምጥ ከእግሮቹ በታች ስኪ የሚባሉ ሁለት ረዣዥምና ቀጫጭን ሳንቃዎች ያስራል። ክብደቱ በሳንቃዎቹ ላይ ስለሚከፋፈል በረዶው ይሸከመዋል። ወደ ላይ ሲወጣ ከሳንቃዎቹ ሥር ጠጕራም ቍርበት ይለጥፋል፤ ጠጕሩ ወደ ኋላ የተኛ ስለ ሆነ ወደ ፊት ያንሸራትታል፥ ወደ ኋላ ግን አያስኬድም። ቀድሞ ይህ ቍርበት በቀዝቃዛ ባሕር ከሚኖር እንስሳ ይገፈፍ ነበር፤ ዛሬ ግን በፋብሪካ ይሸመናል። ሰውየውም ከላይ ሲደርስ ቍርበቱን አውልቆ፥ ብዙ ሰዓት የደከመበትን አቀበት በጥቂት ጊዜ እየተንሸራተተ ይወርደዋል።

የበረዶ ጉዞ ለብርድ ወራት ብቻ የሚሆን የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን ለከፍተኞቹ ተራሮች ብዙ ጊዜ የሚሻለው የጸደይ መጨረሻ፥ ማለት በአውሮፓ ብርዱ አልፎ ሜዳው የሚያብብበት የግንቦት ወር ነው። በዚያ ወራት ቀን ፀሐይ የበረዶውን ላይ ታቀልጠዋለች፤ ሌሊት ብርዱ መልሶ ያደርቀዋል። ይህ ብዙ ቀን ሲመላለስ በረዶው ይረጋል፤ ቅንጣቱም እንደ ሻካራ ጨው ይሆናል።

የእንዲህ ያለ በረዶ ጠባይ በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ጊዜ ይለወጣል። ማለዳ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነው፤ ሰው ሳይሰምጥ ይሄድበታል። ፀሐይ ጥቂት ካሞቀችው በኋላ ላዩ ብቻ የሁለት ጣት ያህል ይለሰልሳል፤ ለመውረድ የተመረጠው ሰዓት ይህ ነው። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን በረዶው ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፥ ከገደሉም ተንዶ በፊቱ ያገኘውን ሁሉ ይቀብራል። ስለዚህ አስተዋይ ተጓዦች ገና ሌሊት ሳለ ተነሥተው በመብራት ይወጣሉ፥ የቀኑም ሙቀት ሳይበረታ ይወርዳሉ። እንቅልፍ የወደደ፥ ወይም በጫፉ ላይ ተቀምጦ አገር ሲያይ ሰዓቱን የረሳ፥ በሕይወቱ ይቀልዳል።

ይህን የበረዶ ጠባይ በትጋት ከመረመሩት ሰዎች አንዱ አርኖልድ ላን የሚባል እንግሊዛዊ ነበረ፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1888 ተወልዶ በ1974 ሞተ። ይህ ሰው በ1909 በዌልስ አገር ገደል ሲወጣ ወድቆ እግሩ ክፉኛ ተሰበረ። ከዚያ ወዲያ አንዱ እግሩ ከሌላው አጠረ፤ ቍስሉም ብዙ ዓመት አልሻረም። ተራራ መውጣትን ቢተው ማንም ባልነቀፈው ነበር። እርሱ ግን አልተወም። ወራቱንና ሰዓቱን፥ ፀሐዩንና ነፋሱን እየተመለከተ በረዶ እንዴት እንደሚለወጥ ተማረ፥ የተማረውንም በመጻሕፍት ጽፎ ለሌሎች አስተማረ።

በ1917 በሰኔ ወር ዮሴፍ ክኑበል ከሚባል የስዊስ መሪ ጋር ሆኖ በስኪ ወደ ዶም ወጣ። ከእነርሱ በፊት በስኪ ወደዚያ ተራራ የወጣ ሰው አልነበረም። ደግሞ በ1924 በግንቦት ወር ከሦስት ባልንጀሮች ጋር 3967 ሜትር ወደሚሆነው ወደ አይገር ተራራ በስኪ ወጣ፤ ይህም የመጀመሪያ ነበረ። በሁለት ጤነኛ እግር የሚሮጡ ብዙ ሰዎች ያልሠሩትን፥ አንድ አንካሳ ሰው በትዕግሥትና በማስተዋል ሠራው።

ተራራ የሚወጣ ሰው ሌላም ትምህርት ያገኛል። ጫፉ ቀርቦ እየታየ መሪው፥ «በረዶው ላልቷል፥ እንመለስ» የሚልበት ቀን አለ። ያን ጊዜ ሰነፍ ሰው ያፍራል፥ ይቈጣልም፤ ብልህ ሰው ግን ይመለሳል። ተራራው ከስፍራው አይነሣም፤ ነገም በዚያው ይገኛል። የጠፋ ሕይወት ግን አይመለስም።

ይህ ነገር ለተራራ ብቻ አይደለም። ገበሬ ዝናሙ ካለፈ በኋላ ቢዘራ ድካሙ ከንቱ ነው። ተማሪም የማለዳውን ሰዓት በጨዋታ አሳልፎ በፈተና ቀን ቢጨነቅ አይጠቀምም። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለ መቸኰል ይጐዳል፤ መዘግየትም እንዲሁ ይጐዳል። ሁሉን በጊዜው የሚያደርግ ሰው ግን ወደ ከፍታው ይወጣል፥ ወደ ቤቱም በሰላም ይመለሳል።

ጥያቄ
1. ተጓዦች በገመድ የሚያያዙት ስለ ምንድር ነው?
2. በጸደይ መጨረሻ የበረዶው ጠባይ በአንድ ቀን ውስጥ እንዴት ይለወጣል?
3. አርኖልድ ላን እግሩ ከተሰበረ በኋላ ምን አደረገ?
4. ጫፉ እየታየ የሚመለስ ሰው ፈሪ ነውን? ምክንያቱን ተናገር።