ከሞተሩ በፊት የቤንዚኑ መንገድ

ና እስቲ፣ ቁጭ በልና ስማኝ። ቮልስህ ላይ የሱባሩ ሞተር ልታስገጥም ነው አሉ፤ ደስ ብሎኛል። ሞተሩን መርጠሃል፣ ከካምቢዮው ጋር የሚያገናኘውን ሰሌዳ አፈላልገሃል፣ ራዲያተሩ የት እንደሚቀመጥ ስታስብ አድረሃል። ቤንዚኑስ? «እሱ ቱቦ ነው፣ መጨረሻ ላይ ይያያዛል» እንዳትለኝ፣ የኔ ጌታ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም። ኢንጄክተር ያለው ሞተር አሮጌ መኪና ውስጥ ሲገባ፣ መኪናዋን የሚያስነዳትም የሚያቃጥላትም ያ መጨረሻ ላይ ይያያዛል ያልከው ቱቦ ነው።

መጀመሪያ ልዩነቱን ያዝልኝ። የቮልስ የድሮ ፖምፓ ለካርቡራቶሩ የሚልከው በ0.2 ባር አካባቢ ግፊት ነው። ባለ 2.2 ሊትሩ ሱባሩ ወደ 3 ባር ይፈልጋል። ለካርቡራቶር የተሠራ ጎማ ይህን ሲሸከም ወዲያው አይፈነዳም፤ ቢፈነዳማ ገና ጋራዥ ሳለህ ታየው ነበር። ወራት ቆይቶ ማላብ ይጀምርና አንድ ቀን የጋለ ጭስ ማውጫ ላይ ይረጫል። ስለዚህ ከአሮጌው መስመር ላይ «ይሄ ደህና ነው፣ ይቆይ» የምትለው ጎማ አይኑር።

ቀጥሎ ወረቀት አውጣና ከሞተሩ ወደ ኋላ እየሄድክ አስላ። ያ ሞተር ወደ 135 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ሙሉ ጉልበቱን ሲያወጣ በሰዓት 40 ሊትር ገደማ ይጠጣል። በ3 ባር ግፊት በሰዓት 100 ሊትር የሚሰጥ ፖምፓ ተርፎ ይበቃዋል። የ255 ሊትሩን ሰዎች ሲያወድሱት ሰምተህ እንዳትሮጥ፣ አንበሴ። ሞተሩ ያልጠጣው ሁሉ ወደ ታንኩ ይመለሳል፤ በተመላለሰ ቁጥር ይሞቃል፤ የሞቀ ቤንዚን ደግሞ ቱቦ ውስጥ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፣ ቤንዚኑም ቶሎ ይተናል። ፖምፓው የሚወደው መግፋት እንጂ መሳብ አይደለም። ከታንኩ ሥር፣ ዝቅ ባለ ቦታ፣ ከፊት ይቀመጥ። ከኋላ ሞተሩ ዘንድ አስቀምጦ ያን ሁሉ ርቀት እንዲስብ ማስገደድ ዋጋ ያስከፍልሃል።

አሁን ዋናው ላይ ደረስን። ካርቡራቶር ሲሞላ በሩን ይዘጋል፤ ያንተ ባለ ኢንጄክተር ሱባሩ ግን የተረፈውን መመለስ አለበት። መመለሻ መስመር ያስፈልግሃል ማለት ነው፣ ቮልስህ ደግሞ የላትም። የቮልስ ቤንዚን ከፊት ተነስቶ በመሃል ወለሉ ዋሻ ውስጥ በቀጭን የብረት ቱቦ ወደ ኋላ ይሄዳል። ብዙዎች አዲስ 8 ሚሊሜትር ቱቦ ለመላኪያ ይዘረጉና የድሮውን ቱቦ መመለሻ ያደርጉታል። እኔ የምልህ፣ ኪስህ ከቻለ ሁለቱንም አዲስ አድርጋቸው። ካልቻለ የድሮውን በአየር ግፊት አስፈትሸው፤ ከዚያም ሞተሩ ሲነሳ የግፊት መቆጣጠሪያውን የቫኩም ቱቦ ንቀልና የቤንዚኑን ግፊት ጌጅ እየው። ከ3 ባር ብዙ ካለፈ መመለሻው ጠቧል፤ ሌላ ሰበብ አትፈልግ።

ዋሻው ውስጥ መጋጠሚያ አይኑር። አንድም! እዚያ ውስጥ የማርሽ ዘንጉ ይንቀሳቀሳል፣ የፍሪሲዮን ገመድ ያልፋል፣ አንተም እጅህን አታስገባም። ቱቦው ከፊት ገብቶ ከኋላ እስኪወጣ አንድ ወጥ ይሁን። በሚወጣበት ቀዳዳ ደግሞ አውራ ጣትህን የምታህል ክብ ጎማ አለች፤ ቱቦው የቆርቆሮውን ጠርዝ እንዳይነካ የምትጠብቀው እሷ ናት። ደርቃ ከወደቀች ቆርቆሮው በየንዝረቱ ቱቦውን ይሞርደዋል። ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ሥራዋ ግን ከባድ ነው። ዛሬውኑ ሄደህ እያት።

ጎማ ስትገዛ ላዩ ላይ የታተመውን አንብብ፣ ሆዴ። «ኤስኤኢ ጄ30 አር7» ለካርቡራቶር ነው፤ ያንተ «አር9» ነው። ታንክ ውስጥ ተነክሮ የሚቀመጥ ከሆነ «አር10»። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው» ካለህ ሌላ ሱቅ ሂድ። አሜሪካ ሆነህ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ነው የምትቀዳው፣ የድሮ ጎማ ያንን አይችልም። ፋሼታውም ቢሆን ያ ባለ ስንጥቅ ተራው አይሁን፤ ጎማውን ይቆርጠዋል። ውስጡ ለስላሳ፣ በብሎን የሚጠብቅ አለ፣ እሱን ግዛ።

ታንኩን አውርድና ውስጡን በባትሪ መብራት እየው። የሃምሳ ዓመት ዝገት ኢንጄክተርን በአንድ ሳምንት ይደፍነዋል። ከፖምፓው በፊት ወፍራም ፊልትሮ፣ ከፖምፓው በኋላ ደግሞ ወደ 10 ማይክሮን የሆነ ቀጭን ፊልትሮ አድርግ። ለመመለሻው ቀዳዳ ለማስበየድ ካሰብክ ግን እዚህ ላይ እቆጣሃለሁ፦ ባዶ ታንክ ከሙሉው ይልቅ ይፈነዳል፣ የሚፈነዳው ትነቱ ነውና። ተደጋግሞ ሳይታጠብ፣ ሥራውን በደንብ የሚያውቅ ባለሙያ ሳይዘው እሳት አይጠጋው። ከቻልክ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ ኢንጄክተር ላላቸው ቮልሶች የሠራውን ታንክ አፈላልግ፤ መመለሻው አብሮት ነው።

እንጦጦን ስትወጣ ወይም መታጠፊያ ላይ ቤንዚኑ ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ፣ ፖምፓው አየር ይስብና ሞተሩ ይንተፋተፋል። ታንኩ ሩብ ሲሆን ይብሳል። አንድ ሊትር ተኩል ገደማ የምትይዝ ትንሽ ማጠራቀሚያ በታንኩና በፖምፓው መሃል አስገባ፤ ትንሽ ፖምፓ ሁልጊዜ ይሙላት፣ ትልቁ ፖምፓ ከእሷ ይጠጣ።

ኤሌክትሪኩን በአጭሩ፦ ፖምፓው በራሱ ፊውዝና ሪሌ ከባትሪ ይሳብ፣ ሪሌውን ግን የሱባሩ ኮምፒውተር ይዘዘው። ሞተሩ ሲቆም ፖምፓውን የሚያቆመው እሱ ነው። «በቀጥታ ከቁልፉ ልሳብልህ» የሚልህን አመስግነህ ሸኘው። የቮልስ ታንክ ከጉልበትህ ፊት ለፊት መሆኑን አትርሳ፤ ብትጋጭ ፖምፓው መርጨቱን መቀጠል የለበትም። ለዚሁ ፎርድ መኪኖች ላይ የሚገኘውን በግጭት ጊዜ የሚያጠፋ ማብሪያ ጨምርበት።

ሊብሬህ ላይ የሞተር ቁጥር እንዳለም አስታውስ፤ ሥራው ሳይጀመር መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ።

ሁሉም ሲያልቅ ወዲያው ሞተሩን አታስነሳ። ፖምፓውን ብቻ አስነሳና እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ሶፍት ጥረግ፤ አሥር ደቂቃ ጠብቀህ እንደገና ጥረግ። ሶፍቱ ትንሽ እንኳ ከረጠበ ያ መጋጠሚያ ይፈታና እንደገና ይሠራ። ባትሪው ዘንድ ገመዱን ሊነቅል የተዘጋጀ ሰው ይቁምልህ። የዱቄት እሳት ማጥፊያውን ደግሞ ከሞተሩ በፊት ግዛው፣ ወንድምዓለም፤ እጅህ ከሹፌር ወንበር በሚደርስበት ቦታ እሰረው።